ወደ ቀኝ የተኛው ቋጠሮ

ለማትተካው ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? አንቺስ፣ ባልሽስ፣ ልጆችሽ ዳኛዋስ፣ ድንቡሼስ? ጉንፋኑ ለቀቃችሁ ወይ? ጣራችሁ ማፍሰሱን ተወ ወይ? እኔ ከጉልበቴ፣ ከወገቤ፣ ከዓይኔና ከደረቴ በቀር ፍጹም ደህና ነኝ። የተረፈኝ ጆሮ ነው፤ እሱም የማይፈልገውን ስለማይሰማ በጣም ጤነኛ ነው።

ከሁሉ በፊት ጽሑፉን እይው። አዎ፣ የራሴ እጅ ነው። ማንም አልያዘልኝም፣ ማንም አላረመልኝም። አንዳንዱ ፊደል የተንጋደደ ከመሰለሽ ወረቀቱ ተንጋዶ ነው። አርባ ስምንት ዓመት ጨርቅ ላይ ቀጥ ያለ ስፌት የሰፋ እጅ ወረቀት ላይ አይወላገድም።

ትንሽ ጉራዬን ልቸርችርና ወደ ነገሬ እገባለሁ። የማታ ትምህርቱን ጨረስኩ። ከሃያ ሦስት ተማሪ አንደኛ ወጥቻለሁ። መምህርቷ እዚህ ደረጃ የሚባል ነገር የለም ትላለች፤ ልጅ ስለሆነች የሌሎቹ ቅስም እንዳይሰበር አዝና ነው። የምንማረው የሕፃናት ክፍል ውስጥ ነው፤ አግዳሚው ለእኛ ጉልበት አልተሠራም። በመጀመሪያው ቀን ይሄን ወንበር የሠራው ሰው ልክ ሳይወስድ ነው ብዬ ክፍሉን በሳቅ ገደልኩት። ከጎኔ የሚቀመጠው ዘበኛ ክፍል ውስጥ ነው እንቅልፉን የሚጨርሰው፤ የምስክር ወረቀቱን ሲቀበል ዘቅዝቆ ይዞት ፎቶ ተነሣ። ከፊቴ የምትቀመጠው አትክልት ሻጭ ደግሞ አንድ ቀን ዞር ብላ፣ አባባ በዚህ ዕድሜህ ፊደል ምን ያደርግልሃል አለችኝ። የሱቅ ሰሌዳ ላነብ ነው አልኳት። ውሸቴን ነው። የተማርኩት ያንቺን ደብዳቤ ላነብ ነው።

የምጽፍልሽም ስለዚያ ደብዳቤ ነው። ከዚህ በኋላ ቀልድ ካገኘሽ አፌ ለምዶበት ነውና እለፊው።

ባለፈው ዓመት እናትሽን ቀብረን ወደ ቤትሽ ከተመለስሽ በኋላ የጻፍሽው ደብዳቤ ሲደርሰኝ የሚያነብልኝ አልነበረም። በዚህ ቤት አንባቢዋ እናትሽ ነበረች። ጎረቤት መለመን እችል ነበር። ግን ወሩ የልጆቹ ክር የሚላክበት ወር ነበር፤ ፖስታውን ስዳስሰው ግን ውስጡ ክር የለም። ክር የሌለበትን ፖስታ ሌላ ሰው አፍ ላይ ማስቀመጥ ፈራሁ። የስፌት መኪናዬ ክዳን ሥር ከተትኩትና ትምህርት ቤት ገባሁ። ዘጠኝ ወር ሙሉ እግሬ ፔዳሉን ሲረግጥ እሱ እዚያው ነበር።

መምህርቷ ስትጽፉ አንባቢው እንደማያውቅ አድርጋችሁ ከሥሩ ጀምሩ ትላለች። ስለዚህ የምታውቂውንም ልጻፈው።

ቁጥር ስለማላነብ ሜትር ለኔ ጌጥ ነበር፤ አንገቴ ላይ የማንጠለጥለው ደንበኛ እንዲያምነኝ ነው። የምለካው በክር ነው። ከክሩ ጫፍ እስከ መጀመሪያው ቋጠሮ ትከሻ፣ ከዚያ እስከ ሁለተኛው እጅጌ፣ ከዚያ እስከ ክሩ ማለቂያ ከወገብ እስከ ቁርጭምጭሚት። ይሄን ያስተማርኩሽ ቁመትሽ ከመቁረጫ ጠረጴዛዬ በታች ሳለ ነው። አግብተሽ ርቀሽ ልጆች ስታገኚ፣ ልካቸውን በየዓመቱ በክር ላክሽልኝ። ለዳኛዋ ቀይ፣ ለቁንጫው ሰማያዊ፣ ለድንቡሼ ነጭ። እኔ ቀሚስና ሱሪ እሰፋለሁ፣ እናትሽ በዚያው ክር ለክታ ሹራብ ትሠራለች። ማን ይቀድማል እያልን እንወራረድ ነበር። እኔ እቀድማለሁ፤ እሷ ግን አንተ የምትቀድመው ቁልፍ ሳትተክል ነው ትላለች። እውነቷን ነው፣ ግን በሕይወቷ አላመንኩላትም።

ቁንጫ ያልኩት እኔ ነኝ። ይዛችሁት የመጣችሁ ጊዜ ልለካው ስል ጠረጴዛው ላይ ዘለለ፣ ከጠረጴዛው ወንበሩ ላይ፣ ከወንበሩ እናትሽ ጀርባ ላይ። በመጨረሻ ክሩን ነክሶ ይዞት ሸሸ። በዚህ ሰፈር ከኔ እጅ ልኩ ሳይወሰድ የወጣ ሰው እሱ ብቻ ነው።

አሁን የምነግርሽን ግን አታውቂም። አንቺ ግራኝ ነሽ። የግራኝ ቋጠሮ ወደ ግራ ይተኛል፤ የሌላው ሰው ወደ ቀኝ። ለማንም ቢሆን ቋጠሮ ቋጠሮ ነው። ለኔ ግን ፊርማ ነበር። አንድ ፊደል ሳልለይ ያንቺን ፊርማ በጣቴ አነብ ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ ሃያ ክር ቢሰጡኝ ያንቺን እለያለሁ። ይሄን ለጉራ የጻፍኩት እንዳይመስልሽ። ለጉራ ቢሆን ደስ ባለኝ።

የዛሬ አምስት ዓመት ደረቴ ሲጥለኝ ሁለት ወር አልጋ ላይ ዋልኩ። ሐኪሙ በሩ ላይ ቆሞ ለእናትሽ ሲያንሾካሹክላት ሰምቻለሁ፤ ምንም የሚያስደነግጥ ነገር እንዳይሰማ አላት። በዚያው ሰሞን ያንቺ ደብዳቤ ደረሰ። እናትሽ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ከፈተችው። ረጅም ጊዜ አነበበችልኝ። ሦስቱም ደህና ናቸው፣ ዳኛዋ ከክፍሏ ጎብዛለች፣ ቁንጫው የአጥር ግንብ ላይ ወጥቶ አስቸገረ፣ ድንቡሼ ጥርስ አወጣች፤ ልጃችን አባዬን ሳሚልኝ ብላለች።

ማንበብ ከተማርኩ በኋላ አንድ ነገር ገባኝ። የሚያነብ ሰው ዓይን በመስመሩ ላይ ይሄዳል፤ ጫፍ ይደርስና ይመለሳል። ያን ቀን የእናትሽ ዓይን አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ነበር። አፏ ብቻ ነበር የሚሄደው።

ከሁለት ወር በኋላ፣ እኔም ከአልጋ ተነሥቼ፣ የዓመቱ ክር መጣ። እናትሽ ሦስቱንም መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። ቀዩን ዳሰስኩት፤ ወደ ግራ። ነጩን ዳሰስኩት፤ ወደ ግራ። ሰማያዊውን ዳሰስኩት፤ ቋጠሮው ወደ ቀኝ ተኝቷል።

ልጠይቅ አፌን ከፈትኩ። ቀና ስል እናትሽ ትንፋሿን ይዛ ፊት ለፊቴ ቆማለች። እጇን ልብሷ ላይ ታሻለች፣ ታሻለች። እኔም፣ «ይሄ ቁንጫ ሊያድግ ነው እንዴ፣ ሁለት ጣት ጨመረ እኮ» አልኩ።

ፊቷ ተፈታ። ልጄ፣ ያንን ፊት ባየሽው። ሸክም ከትከሻው እንደወረደለት ሰው ሆነች። እኔ ደግሞ ካልጠየቅኩ ነገሩ እንዳልሆነ ይቆጠራል ብዬ ከራሴ ጋር ተዋዋልኩ። በዚያችው ቃል በሩን ከውስጥ ቆለፍኩት፤ ሁለታችንም እያንዳንዳችን በየጓዳችን ቀረን።

በሚቀጥለውም ዓመት እንደዚያው። በሚቀጥለውም። አንቺ ሁለት ትልኪያለሽ፣ እናትሽ ሦስት ታስረክበኛለች። ሰማያዊው በየዓመቱ ልክ ሁለት ጣት ይጨምራል፤ አንድ ጊዜ እንኳ አላጎደለችም፣ አላስበለጠችም። ሕያው ልጅ እንደዚያ አያድግም። አንድ ዓመት ይዘላል፣ አንድ ዓመት ይቆማል፣ አንዳንዴ እግሩ ቀድሞ እጁ ይቀራል። ይሄን የማያውቅ ልብስ ሰፊ መቀሱን ይጣል። እኔ አውቃለሁ። አውቄም እቆርጣለሁ፣ እሰፋለሁ። ኪሱን እንኳ ጠለቅ አድርጌ ነበር የምሠራው፤ ቁንጫ ጠጠር መልቀም ይወዳል እያልኩ ጮክ ብዬ አወራ ነበር፣ ጓዳ ሆና እንድትሰማኝ። እሷም፣ ኪሱን በእጥፍ ስፋው እንዳይቀደድ ትለኛለች። ከዚያ ሽንኩርት መክተፍ ትጀምራለች። በቤታችን ያን ያህል ሽንኩርት የሚፈልግ ወጥ ተሠርቶ አያውቅም።

ሥራዬን ስጨርስ ሦስቱንም ልብስ አጣጥፌ እሰጣታለሁ። ፖስታ ቤት የምትወስደው እሷ ናት። ለአንቺ የሚደርስሽ የሁለቱ ብቻ መሆኑን ያኔ አላጣራሁም። ማጣራት አልፈለግኩም።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። ውሸት ነው። የኛ ቤት ዝምታ ነቀዘ። ውጪው ሙሉ ሆኖ ቆየ፤ እሷ ስትሄድ ነካ ባደርገው ዱቄት ሆኖ አገኘሁት።

አሁን ወደ ቀብሯ ቀን ልምጣ። ሁለቱን ልጆች ይዘሽ መጣሽ። ሰው ከተበተነ በኋላ ከኪሴ ክር አውጥቼ ዳኛዋን በሩ ጋ አቁሜ ለካኋት። ከዚያ ድንቡሼን። ከዚያ ክሬን ጠቀለልኩ። አንቺ ግድግዳውን ተደግፈሽ ታይኝ ነበር። ገብቶኛል፤ አንድ ነገር እንድል ነበር የምትጠብቂው። አንድ ስም እንድጠራ። እኔ ምን አልኩ? ዳኛዋ ዘንድሮ ቁመቷ ፍርድ ቤቱን በልጧል አልኩ። ሰው ሁሉ ሳቀ። አንቺ ዞረሽ ልጆቹን ጫማ ማልበስ ጀመርሽ።

ደብዳቤሽን ያነበብኩት የምስክር ወረቀት በተቀበልኩ ማግስት ነው። ጀማሪ አንባቢ መሆን ክፉ ነገር ነው። ሌላው ሰው በአንድ ዓይን ጠርጎ ጨርሶ ያለቅሳል። እኔ ፊደል በፊደል ነው የምሄደው፤ ቃሉ ምን ሊሆን እንደሆነ ሳልጨርሰው ይገባኛል፣ ግን መጨረስ አለብኝ። እንዲህ ብለሽ ጽፈሻል፤ «እማዬ አያውቅም፣ ልቡ አይችልም ትለኝ ነበርና አምኜ ቆየሁ። የማያውቅ ሰው ግን ሦስተኛው የት አለ ይላል። አንተ አላልክም። ከእንግዲህ ክር አልልክም፣ ልጆቹ ከሱቅ ይለብሳሉ።»

 እናትሽ ያላወቅሁ መስሏት ኖረች ብዬ ነበር፤ አንቺ ግን በአንድ ቀን ለካሽኝ። ልኬን አልሳትሽም።

ከዚያ የእናትሽን ሣጥን ከፈትኩ። እስከዚያ ቀን ነክቼው አላውቅም ነበር። ከላይ ያንቺ የድሮ ደብዳቤዎች አሉ። ያንን የአልጋዬን ጊዜ ደብዳቤ፣ ከሱም ሥር እናትሽ ለጻፈችልሽ የመለስሽላትን አገኘሁት። አላነበብኩትም ብል ይሻለኝ ነበር። አንቺ ልጄ፣ ለእናትሽ፣ «አባዬ እንዳይሰማ ካልሽ እሺ፣ ግን እማዬ፣ ለማን ላልቅስ?» ብለሽ ጽፈሻል። ከዚያች መስመር በኋላ የፊደሉ ቀለም ፈስሷል፤ የማን ዕንባ እንደሆነ አላወቅሁም፤ ያንቺም ይሆናል፣ የሷም።

ከደብዳቤዎቹ ሥር የኔ አራት ሱሪዎች ነበሩ። አንዱ ከአንዱ ሁለት ጣት የሚረዝም፣ አንዳቸውም ያልተለበሱ፣ የካውያዬ መስመር ገና እንዳለ። ከነሱ ሥር ደግሞ የሷ አራት ሰማያዊ ሹራቦች። አንሥቼ አንዱን በአንዱ ላይ ስዘረጋቸው እጄ ቆመ። አራቱም እኩል ናቸው። እጅጌው እኩል፣ ትከሻው እኩል። ለኔ በየዓመቱ ክሩን ስታስረዝም የኖረች ሴት፣ ራሷ ስትሠራ ግን ልጁን አንድ ጣት እንኳ ማሳደግ አልቻለችም።

አንቺ የላክሽው የመጨረሻው ሰማያዊ ክር፣ ያ ወደ ግራ የሚተኛው፣ በመኪናዬ መሳቢያ ከመርፌዎቹ ሥር ነበር የማስቀምጠው። አምስት ዓመት ሙሉ ማንም አያውቅም ብዬ ነበር። አውጥቼ ሹራቦቹ ላይ አስተኛሁት። ከጫፍ እስከ ቋጠሮ፣ ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ፣ ልክክ አለ፤ በአራቱም ላይ። እንግዲህ ከመሳቢያዬ እያወጣች ለክታ፣ እንደነበረ ጠቅልላ ትመልሰው ነበር ማለት ነው። እኔ ለምን እንደደበቅኩት ሳትጠይቅ።

ይሄን ሳስብ ነው የማልተኛው። ያን ክር እዚያ ስታገኘው ምን አለች? ምን ገባት? ሽንኩርቱን ስትከትፍ እኔ እየሰማሁ እንደሆነ ታውቅ ነበር? ካወቀች፣ ሁለታችን አራት ዓመት አንዳችን ለሌላው ስንጠነቀቅ አንድ ቀን እንኳ አብረን ሳናለቅስ ተለያየን። ካላወቀች፣ ብቻዋን ተሸክማው ሄደች። የትኛው እንደሚሻል የሚነግረኝ የለም። ልጠይቃት የምችላት ሰው እሷ ነበረች።

ሌላም ልንገርሽ፣ ከዚህ የባሰ የለኝም። ባለፈው ሳምንት፣ ይሄን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ፣ ሰማያዊ ክር ከጥቅሉ ቆረጥኩ። ሁለት ጣት ጨመርኩ። ቋጠሮው ወደ ግራ እንዲተኛ በግራ እጄ ልቋጥር ሞከርኩ። አልሆነም። ደግሜ ሞከርኩ። አልሆነም። ጨርቁ ተዘርግቷል፣ ጠመኔው ተሰምሯል፣ መቀሱ ተከፍቷል። ያቺን ቋጠሮ ሳስተኛ ሳነሣ ጠረጴዛው ላይ ጨለመብኝ። ያኔ ነው መቀሱን አስቀምጬ ብዕር ያነሣሁት።

እዚህ ደብዳቤ ውስጥ አንድ ቃል እንደሌለ አይተሻል። ሁለት ፊደል ብቻ ነው፤ ቁንጫን የወሰደው። ሁለቱንም ፊደል አውቃቸዋለሁ፤ ለየብቻቸው ስንት ቦታ ጽፌያቸዋለሁ። መምህርቷ አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ ጽፋው ክፍሉ በአንድ ድምፅ ሲያነበው እኔ ከንፈሬን ብቻ አንቀሳቀስኩ። አንደኛ የወጣው ተማሪ። ቀልደኛ ሰው ደፋር ይመስላል፤ ፈሪ ነው ልጄ። ይቅር በይኝ አልልሽም፤ ይቅርታ ልክ አለው፣ የኔ ጥፋት ልኩን አልፏል። ለማን ላልቅስ ብለሽ ስትጽፊ እኔ አልጋዬ ላይ በሕይወት ነበርኩ። ይሄን ብቻ ማወቄን እወቂልኝ።

በጥቅሉ ውስጥ የዳኛዋ ቀሚስ አለ፤ ባለፈው ዓመት በለካኋት ላይ ገምቼ ጨምሬያለሁ፣ ጠርዙን ሰፋ አድርጌ ወደ ውስጥ አጥፌዋለሁና ካጠረ ፍቺው። የድንቡሼም አለ። የእናትሽን አራቱን ሹራቦች ልኬልሻለሁ፤ ላንቺ ይገባሉ፣ የሠራቻቸው ዕንባ ዓይኗን ጋርዶት ነው። ዘንድሮ ለድንቡሼ ልኳ ናቸው። ታልብሻት፣ አታልብሻት፣ አንቺ ታውቂያለሽ፤ እኔ አፌን አላስገባም። ሱሪዎቹ እዚህ ይቆዩ። እነሱ የኔ ናቸው። ያንንም ክር አትጠይቂኝ።

ፈጣሪ ቤትሽን ይጠብቅ። ልጆችሽ ከልብሳቸው ቀድመው ይደጉ። የግራ እጅሽ የቋጠረው አይፈታ፣ የፈታው አይቋጠር። ባልሽን ሰላም በይልኝ። መልስ ለመጻፍ ልብሽ እምቢ ካለ አትጻፊ፤ አነበዋለሁ እያልኩ ጉራ መንዛቴን ተይው።

ግን ከቻልሽ፣ ወሩ ሲደርስ፣ ክር ላኪልኝ። ቀዩንና ነጩን። ሁለት። ሌላ አለ ብዬ ፖስታውን አላራግፍም።

የሦስቱ ልጆች አያት፣
አባትሽ